ትራክተርን ለቤት መብራት ተጠባባቂ ኃይል ስለ ማድረግ

ትራክተር ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ሞፈርንና ቀንበርን የተካውን፥ መሬት የሚገለብጠውን መኪና ብቻ ነው። ነገር ግን ትራክተር በመሠረቱ በጎማ ላይ የተቀመጠ የኃይል ምንጭ ነው። ማረሻ ቢታሰርበት ያርሳል፤ መውቂያ ቢገጠምበት ይወቃል፤ ጄኔሬተር ቢገጠምበት ደግሞ መብራት ይሰጣል። የዚህ አጭር ጽሑፍ አሳብ ይህን ሦስተኛውን አገልግሎት መመርመር ነው፤ ይኸውም የመስመሩ መብራት በጠፋ ጊዜ ትራክተር የቤትንና የእርሻ ግቢን ኤሌክትሪክ እንዴት ሊተካ እንደሚችል፥ መቼ እንደሚያዋጣና መቼ እንደማያዋጣ፥ ከሁሉም በላይ ደግሞ ባለማወቅ ከተሠራበት በምን መንገድ ሰው እንደሚገድል ማስረዳት ነው።

ጉዳዩ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ከመቶ ዘጠና እጅ በላይ የሚገኘው ከውሃ ነው፤ ታላቁ የሕዳሴ ግድብም በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ፥ በጳጉሜን ወር ተመርቋል። ነገር ግን ኃይልን ማመንጨት አንድ ነገር ነው፤ ኃይሉን ከገጠር ቤት ማድረስ ሌላ ነገር ነው። ምሰሶ ሲወድቅ፥ ሽቦ ሲበጠስ፥ ወይም ትራንስፎርመር ሲቃጠል ግድቡ ሞልቶ ቢፈስም ቤቱ ጨለማ ነው። በአርሲና በባሌ ስንዴ በትራክተር በሚታረስበት አገር፥ የእርሻው ወራት ካለፈ በኋላ ብዙ የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ከደጅ ቆሞ፥ የቤቱ ባለቤት ግን በኩራዝ እራቱን ሲበላ ማየት ይቻላል። እንግዲህ «ይህ ሞተር ያን አምፑል ለምን አያበራም?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። መልሱ «ያበራል» የሚል ነው፤ ነገር ግን በሕግና በሥርዐት ነው።

፩. በኩቤክ የሆነው ነገር

የዚህን ነገር ጥቅም አጕልቶ ያሳየው በካናዳ አገር፥ ይልቁንም በኩቤክና በምሥራቅ ኦንታሪዮ የደረሰው የበረዶ መዓት ነው። እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 5 እስከ 10 ቀን 1998፥ ማለት በእኛ አቆጣጠር ከታኅሣሥ 27 ቀን እስከ ጥር 2 ቀን 1990 ዓ.ም.፥ አገራችን ገናን ስታከብር በነበረችበት ሰሞን፥ በዚያ አገር የወረደው ዝናብ የነካውን ሁሉ እንደ ነካ ወዲያው ይረጋ ነበር። ከሽቦውና ከምሰሶው ላይ እየተደራረበ ስለ ከበደ የብረት ማማዎች እንደ ሸንበቆ ታጠፉ፤ በአሥር ሺሕ የሚቈጠሩ የእንጨት ምሰሶዎችም ወደቁ። የመንግሥቱ የኤሌክትሪክ ድርጅት የሀይድሮ ኩቤክ ደንበኞች ከሆኑት መካከል ወደ 1.4 ሚሊዮን የሚጠጉት መብራት አጡ። ከሞንትሪያል ከተማ በስተደቡብ፥ በሴን ያሳንት፥ በግራንቢና በሴን ዣን ሱር ሪሽሊዩ ከተሞች መካከል ያለው አገር የከፋ ጉዳት ስለ ደረሰበት «የጨለማው ሦስት ማዕዘን» ተብሎ ተጠራ፤ በዚያም መብራት አንድ ወር ያህል ሳይመጣላቸው የቆዩ ሰዎች ነበሩ።

ይህ አገር የወተት ከብት አገር ነው። የሚታለብ ላም ደግሞ የመብራት መጥፋትን አይጠብቅም። በቀን ሁለት ጊዜ ለመታለብ የለመደች ላም ካልታለበች ጡቷ ይወጠራል፤ ከዚያም የጡት በሽታ ይይዛታል። አምሳና ስድሳ ላም ያለው አንድ ቤተ ሰብ ሁሉን በእጅ አልባለሁ ቢል አይችልም። ስለዚህ ከትራክተር ጋር የሚገጠም ጄኔሬተር የነበራቸው ገበሬዎች የማለቢያ መሣሪያቸውን በዚያ አንቀሳቀሱ፤ ያልነበራቸውም ከጎረቤት እየተዋሱ፥ ጄኔሬተሩ በትራክተር እየተጐተተ ከአንዱ ግቢ ወደ ሌላው ይዞር ነበር። አንዱ ሲያልብ ሌላው ተራውን ይጠብቃል፤ ሌሊትም ቢሆን ተራ የደረሰው ያልባል። የወተት ፋብሪካዎቹ ራሳቸው መብራት ስላጡ ብዙ ወተት ፈስሶ ቀርቷል፤ ብዙዎቹ ላሞች ግን ተርፈዋል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለት ነገር ልብ እንበል። አንደኛ፥ ትራክተሩ ቀድሞውኑ በእያንዳንዱ ግቢ ነበረ፤ የጐደለው ጄኔሬተሩ ብቻ ነው። ሁለተኛ፥ ኃይሉ ሌሊቱን ሙሉ አያስፈልግም ነበር፤ የተፈለገው ለጥቂት ሰዓት ግን በብዛት ነው። ወደ ፊት እንደምናየው የትራክተር ጄኔሬተር ጠባይ በትክክል ከዚህ ፍላጎት ጋር የሚስማማ ነው።

፪. ኃይሉ ከሞተሩ ወደ ሽቦው እንዴት ይተላለፋል

ከትራክተሩ በስተኋላ፥ ከማንሻ ክንዶቹ መካከል፥ ጥርስ ያለው አጭር ዘንግ ወጥቶ ይታያል። ይህ የኃይል መስጫ ዘንግ ነው፤ የትራክተር ነጂዎች ፒቲኦ ይሉታል። ትራክተሩ ቆሞ ሳለ የሞተሩን ጉልበት ለሌላ መሣሪያ ያስተላልፋል። ኢንተርናሽናል ሃርቬስተር የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ ይህን ዘንግ እ.ኤ.አ. በ1918 በገበያ ትራክተር ላይ ካወጣ በኋላ፥ ማናቸውም መሣሪያ ከማናቸውም ትራክተር ጋር እንዲስማማ የዘንጉ ልክና ፍጥነት በስምምነት ተወሰነ። ዛሬ የተለመደው ዘንግ 35 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረትና 6 ጥርስ ኖሮት በደቂቃ 540 ጊዜ የሚዞረው ነው፤ ለትልልቅ ትራክተሮች ደግሞ 21 ጥርስ ያለውና በደቂቃ 1000 ጊዜ የሚዞረው አለ።

ጄኔሬተሩ ግን በ540 ዙር አይበቃውም። ኤሌክትሪክ የሚወለደው ማግኔት በሽቦ ጥቅል አጠገብ በፍጥነት ሲዞር ነው። አራት ዋልታ ያለው ጄኔሬተር በአገራችን መስመር ልክ ኃይል እንዲሰጥ በደቂቃ 1500 ጊዜ መዞር አለበት። ስለዚህ በዘንጉና በጄኔሬተሩ መካከል ፍጥነትን 2.78 ጊዜ የሚያበዛ የማርሽ ሳጥን ይገባል። ትራክተሩንና የማርሽ ሳጥኑን የሚያገናኘው መተጣጠፊያ ያለው የካርዳን ዘንግ ነው። ጄኔሬተሩ ራሱ የራሱ ሞተር የለውም፤ በሁለት ጎማ ላይ ወይም በማንሻ ክንዶቹ ላይ ይቀመጣል። ሞተር ስለሌለው ዋጋው የራሱ ሞተር ካለው ይቀንሳል፤ ዘይት የሚለወጥለት፥ ባትሪው የሚሞት፥ ለዓመት ቆሞ አልነሣ የሚል ሁለተኛ ሞተርም አይኖርም።

፫. ስለ ዙር ፍጥነት

ከዚህ ላይ አንድ ቀላል ስሌት ማስታወስ ይጠቅማል። የኤሌክትሪኩ ሞገድ በሴኮንድ የሚመላለስበት ቍጥር የሚገኘው የዋልታዎቹ ብዛት በደቂቃው ዙር ተባዝቶ ለ120 ሲካፈል ነው። አራት ዋልታ በ1500 ሲባዛ 6000፤ ይህም ለ120 ሲካፈል 50 ይሆናል። 50 ሄርትዝ የኢትዮጵያ መስመር ልክ ነው። እንግዲህ የትራክተሩ ሞተር ፍጥነት በቀጥታ የኤሌክትሪኩ ፍጥነት ነው። ዘንጉ ከ540 ወደ 520 ቢወርድ ሞገዱ ወደ 48.1 ይወርዳል፤ ወደ 560 ቢወጣ ወደ 51.9 ይወጣል።

ትራክተር ጭነት ሲበዛበት ሞተሩ በጥቂቱ ይዘገያል፤ ተቈጣጣሪው ነዳጅ ጨምሮ ቢይዘውም ሙሉ በሙሉ አይመልሰውም። ስለዚህ ልማዱ ጭነት ከመግባቱ አስቀድሞ ፍጥነቱን ከ540 ጥቂት ከፍ አድርጎ ማቆም፥ ጭነት ሲገባ ወደ ልኩ እንዲወርድ መተው ነው። በዚህ ሥራ ላይ የሚያጋጥመው የተለመደ ስሕተት ዘንጉን በጆሮ መለካት ነው። አምፑሉ ደብዘዝ ሲል ነጂው ነዳጅ መስጫውን ይገፋል፤ አንዱ ከባድ ሞተር ሲጠፋ ደግሞ ትራክተሩ ይፈነጥዛል፥ አምፑሉም ይቃጠላል። አዲሶቹ ጄኔሬተሮች ቮልቱን በኤሌክትሮኒክ ተቈጣጣሪ ይዘው ያቆያሉ፤ ሞገዱን ግን ከሞተሩ በቀር የሚይዘው የለም። ሞገዱና ቮልቱ ዝቅ ብሎ ከቆየም የፍሪጅና የውሃ ፓምፕ ሞተር ከልክ በላይ ይሞቃል፥ በመጨረሻም ይቃጠላል። ስለዚህ ቮልትና ሄርትዝ የሚያሳዩ ሁለት መለኪያዎች የሌሉበትን ጄኔሬተር ከቤት ጋር ማገናኘት አይገባም።

ከውጭ አገር የሚመጡ መሣሪያዎችን ለሚገዛ ሰው አንድ ማስጠንቀቂያ እጨምራለሁ። በአሜሪካና በካናዳ መስመሩ 60 ሄርትዝ ስለ ሆነ ለዚያ የተሠራው የማርሽ ሳጥን በ540 ዙር 1800 ዙር ይሰጣል። ይህን መሣሪያ ለ50 ሄርትዝ ለማድረግ ዘንጉን ወደ 450 ዙር ዝቅ ማድረግ ግድ ይሆናል፤ በዚያን ጊዜ ቮልቱም የሞተሩም ጉልበት አብረው ይወርዳሉ። ከዋጋው አስቀድሞ በቅርፊቱ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ማንበብ የሚሻለው ስለዚህ ነው።

፬. ስለ መጠን

አንድ ኪሎ ዋት 1.34 የፈረስ ጉልበት ነው። በማርሹና በጄኔሬተሩ ውስጥ የሚባክነውን፥ እንዲሁም ለድንገተኛ ጭነት የሚተርፈውን ጨምረን፥ ለአንድ ኪሎ ዋት ሁለት የፈረስ ጉልበት መያዝ የተለመደ ሕግ ነው። ስለዚህ 20 ኪሎ ዋት ጄኔሬተር 40 የፈረስ ጉልበት በዘንጉ ላይ የሚሰጥ ትራክተር ይፈልጋል። ከዚህ ያነሰ ትራክተር ጄኔሬተሩን ያዞረዋል፤ ጭነት ሲገባ ግን ያቃስታል።

የሚያስፈልገውን ኪሎ ዋት ለማወቅ የመሣሪያዎቹን ኃይል መደመር ብቻ አይበቃም። የኤሌክትሪክ ሞተር ሲነሣ ለጥቂት ሴኮንድ ሲሠራ ከሚወስደው አምስት ስድስት ጊዜ የሚበልጥ ከረንት ይስባል። ለምሳሌ አንድ ትንሽ የወተት ግቢ እንውሰድ፤ የማለቢያው የአየር መምጠጫ 4 ኪሎ ዋት፥ የወተት ማቀዝቀዣው 2፥ የውሃ ፓምፑ 1.5፥ መብራቱ 0.5 ኪሎ ዋት ነው እንበል። ድምሩ 8 ኪሎ ዋት ነው። ነገር ግን የአየር መምጠጫው በሚነሣበት ጊዜ አምስት እጥፍ ብንወስድ ብቻውን ወደ 20 ኪሎ ዋት የሚጠጋ ጫና ያመጣል። ሌሎቹ ሁሉ እየሠሩ ሳለ እርሱ በመጨረሻ ቢነሣ 4 ተጨምሮ 24 ይሆናል። እርሱ ቀድሞ ከተነሣ ግን ከፍተኛው ጫና 20 ብቻ ነው፤ ከዚያ ማቀዝቀዣው ሲነሣ 14፥ ፓምፑ ሲነሣ 13.5 ይሆናል። ከዚህ የሚወጣው ደንብ ቀላል ነው፤ ትልቁ ሞተር አስቀድሞ ይነሣ፥ ሌሎቹ አንድ በአንድ ይከተሉ፥ መብራት መጨረሻ ይግባ።

የቤት ነገር ከዚህ ይቀላል። ለኢትዮጵያ ቤት ከባዱ ጭነት ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት የሚወስደው የእንጀራ ምጣድ ነው። ነገር ግን ምጣድ ሞተር ስለሌለው የመነሻ ጫና የለውም፤ ልኩ የተጻፈበት ልክ ነው። ፍሪጅና አምፑል ከምጣድ አጠገብ ሲታዩ እዚህ ግቡ የሚባሉ አይደሉም። ስለዚህ አንድ ቤት ብቻውን ከ6 ኪሎ ዋት በላይ አይፈልግም ማለት ይቻላል፤ ይህም ትራክተሩን ሊያደክመው ይቅርና በሚገባ አያሞቀውም። የሚቀጥለው ጥያቄ የሚነሣው ከዚህ ላይ ነው።

፭. ስለ ነዳጅ

የናፍጣ ትራክተር በደንብ ተጭኖ ሲሠራ ከአንድ ሊትር ናፍጣ በዘንጉ ላይ ወደ 3 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይሰጣል። ባዶውን በ540 ዙር ሲዞር ግን ሙሉ ጭነት ሲሸከም ከሚጠጣው ሩብ ያህሉን እንዲያው በከንቱ ይጠጣል። አንድ 75 የፈረስ ጉልበት ያለው ትራክተር በሙሉ ጭነት በሰዓት ወደ 17 ሊትር ያህል ይጠጣል ብንል፥ ባዶውን ወደ 5 ሊትር ያህል ይጠጣል። በዚህ ግምት 20 ኪሎ ዋት ሲጫንበት በሰዓት 10 ሊትር ገደማ ይወስዳል፤ ከአንድ ሊትር 2 ኪሎ ዋት ሰዓት ይገኛል ማለት ነው። 2 ኪሎ ዋት ብቻ ሲጫንበት ግን 5.5 ሊትር ያህል ስለሚወስድ ከአንድ ሊትር የሚገኘው አንድ ሦስተኛ ኪሎ ዋት ሰዓት ብቻ ነው። ጥቂት አምፑልና ቴሌቪዥን ለማብራት ትራክተር ማስነሣት አንድ ማድጋ ውሃ ለማምጣት አሥር በቅሎ እንደ መጫን ነው።

ከዚህም በላይ ናፍጣ ሞተር ብዙ ሰዓት ያለ ጭነት ሲሠራ በሚገባ ስለማይሞቅ ያልተቃጠለ ነዳጅና ጥላሸት በጭስ ማውጫው ይሰበሰባል። አንዳንድ አዳዲስ ትራክተሮች ሞተሩ ዝግ ብሎ ሳለ ዘንጉን 540 የሚያዞር ሁለተኛ ማርሽ ስላላቸው ብክነቱን ይቀንሳሉ፤ ጨርሶ ግን አያስቀሩትም።

ስለዚህ ብልህ አጠቃቀም ሥራን መሰብሰብ ነው። ትራክተሩ በቀን አንድና ሁለት ሰዓት ይነሣ፤ በዚያ ሰዓት ውስጥ ወተቱ ይታለብ፥ ጋኑ ውሃ ይሞላ፥ እህሉ ይፈጭ፥ የሳምንቱ እንጀራ ይጋገር፥ ባትሪዎች ይሞሉ። ሌሊቱን ለመብራትና ለስልክ ባትሪና የፀሐይ ሰሌዳ ይበቃል። ፍሪጅም በሩ ካልተከፈተ ለጥቂት ሰዓት ቅዝቃዜውን ይይዛል። በኩቤክ የታየውም ይኸው ነው፤ ጄኔሬተሩ ከግቢ ወደ ግቢ ሊዞር የቻለው እያንዳንዱ ቤት ለጥቂት ሰዓት ብቻ ስለ ፈለገው ነው።

፮. መስመርን ከመስመር ስለ መለየት

አሁን ከሁሉ ወደሚበልጠው ነገር ደርሰናል። በዚህ ረገድ ያየሁትን ልናገር። በአዳሪነት በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት፥ አንድ ጊዜ በከባድ ነፋስ ምክንያት የከተማው መብራት ለብዙ ቀን ጠፍቶ ነበር። ትምህርት ቤቱ ለእርሻው የሚጠቀምበት ትራክተርና አሮጌ ጄኔሬተር ስለ ነበረው፥ አንድ ማታ የጥናት ሰዓት እንዳያልፈን ተብሎ ተነሣ። ነጂው በሁለቱም ጫፉ ስፒና ያለው ገመድ ወስዶ አንዱን ጫፍ ከጄኔሬተሩ፥ ሌላውን ከዎርክሾፑ ሶኬት ሰካው። የቆጣሪውን ማጥፊያ ግን አላወረደውም። መብራቱ በራ፤ እኛም አጨበጨብን። ወዲያው ግን ከአጥሩ ውጭ ያሉት ቤቶች አምፑሎች ደግሞ ቀላ ብለው በሩ፥ ከመንደሩም እልልታ ተሰማ። ትራክተሩ ማቃሰት ጀመረ። ነገሩ ገብቶት ነጂው ሞተሩን ሳያጠፋ ከበሩ ላይ ሰው ይጠራ ጀመር። የመጣው የመስመር ሠራተኛ ነበረ፤ መሰላሉን ከምሰሶው አስደግፎ ሊወጣ ሲል የቤቶቹን መብራት አይቶ ነው የመጣው። ጥቂት ዝም ብሎ ከቆየ በኋላ «ጋሼ፥ መብራቱ የእናንተ ነው?» ብሎ ብቻ ጠየቀ። ነጂው አልመለሰለትም፤ ሄዶ ሞተሩን አጠፋ።

ያን ጊዜ የገባኝ ነገሩ ስሕተት እንደ ሆነ ብቻ ነው። ምን ያህል ስሕተት እንደ ሆነ የተረዳሁት ስለ ትራንስፎርመር ስማር ነው። በየሰፈሩ የተሰቀለው ትራንስፎርመር 15,000 ቮልት ተቀብሎ ወደ 400 ቮልት፥ ማለት በአንድ ፌዝ ወደ 220 እና 230 ቮልት ገደማ ያወርዳል። ነገር ግን ትራንስፎርመር አቅጣጫ አያውቅም። ከቤት በኩል 220 ቮልት ቢገፋበት በዚያው ልክ አባዝቶ በሌላው ወገን በሺሕ የሚቈጠር ቮልት ያወጣል። መስመሩ ሞቷል ብሎ በእጁ የሚይዘውን ሠራተኛ የሚገድለው ከሩቅ ያለው ግድብ አይደለም፤ ከአጥር ውስጥ ያለው ትራክተር ነው። የሠለጠነ ሠራተኛ ከመንካቱ አስቀድሞ መስመሩን ሊፈትሽና ከመሬት ጋር ሊያገናኝ ይገባዋል፤ ቢሆንም የእርሱ ጥንቃቄ የእኛን ጥፋት አያስተሰርይም።

ሌላም አደጋ አለ። ጄኔሬተሩ ሳይለይ የመስመሩ መብራት ድንገት ቢመለስ ሁለቱ ሞገዶች አንድ ላይ ስላልሆኑ ይጋጫሉ። የአገሪቱ መስመር ከአንድ ትራክተር ጋር ሲጋጭ ማን እንደሚያሸንፍ መናገር አያስፈልግም፤ የጄኔሬተሩ ጥቅል ይቃጠላል፥ ዘንጉም ሊሰበር ይችላል።

መድኀኒቱ ኤሌክትሪክ ሠራተኞች ቼንጅ ኦቨር የሚሉት መቀያየሪያ ነው። አንድ እጀታና ሦስት ቦታ አለው፤ በአንድ ወገን የመስመሩ መብራት፥ በመካከል ባዶ፥ በሌላው ወገን ጄኔሬተር። እጀታው አንድ ስለ ሆነ ቤቱ ከአንዱ ጋር ሳይለያይ ከሌላው ጋር ሊገናኝ አይችልም። «የቆጣሪውን ማጥፊያ ማውረድ አይበቃም ወይ?» የሚል ይኖራል። ማጥፊያውን የሚያወርደው ሰው ካልረሳ ይበቃል፤ ነገር ግን መብራት የሚጠፋው በማታ፥ በዝናብና በችኰላ ጊዜ ነው፤ ሰውም የሚረሳው በዚሁ ጊዜ ነው። መቀያየሪያው የተሠራው ለሚረሳ ሰው ነው። በሁለቱም ጫፉ ስፒና ያለውን ገመድ ደግሞ ከቶ መሥራት አይገባም፤ ከሶኬት ሲነቀል የተገለጠው የብረት ጣት ራሱ ኤሌክትሪክ ያለበት ነውና።

ከዚህ ጋር የመሬት ነገር አለ። ትራክተር በጎማ ላይ ስለ ቆመ ከመሬት ጋር አይገናኝም። በጄኔሬተሩ ውስጥ አንድ ሽቦ ተልጦ ቅርፊቱን ቢነካ፥ ቅርፊቱና ትራክተሩ በሙሉ ኤሌክትሪክ ይይዛሉ፤ በርጥብ መሬት ቆሞ የሚነካውም ሰው መንገድ ይሆነዋል። ስለዚህ ቅርፊቱ በወፍራም የመዳብ ሽቦ በመሬት ከተቀበረ ዘንግ ጋር መታሰር አለበት። ይህንና መቀያየሪያውን የሚገጥመው ፈቃድ ያለው ባለሙያ ይሁን።

፯. ስለሚዞረው ዘንግና ስለ ጭሱ

540 ዙር በደቂቃ ማለት በሴኮንድ 9 ዙር ነው። የ35 ሚሊ ሜትር ዘንግ ዙሪያው 11 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለ ሆነ፥ በሴኮንድ አንድ ሜትር ጨርቅ ይጠቀልላል፤ የካርዳኑ መተጣጠፊያ ከዘንጉ ስለሚወፍር ደግሞ ከዚህ ይበልጥ ይጠቀልላል። የነጠላ ወይም የጋቢ ጫፍ ቢይዘው ሰውዬው «ያዙኝ» ብሎ ሳይጨርስ ከዘንጉ ላይ ይደርሳል። በማታ ብርድ ጋቢ ለብሶ መብራት ሊያስነሣ የሚወጣ ሰው ይህን ያስብ። ዘንጉ የላስቲክ መከለያ ሊኖረው ይገባል፤ ሞተሩ እየሠራ በዘንጉ ላይ መራመድና ልጆችን ማስጠጋት ክልክል ነው። ጄኔሬተሩም ከመሬት ወይም ከትራክተሩ ጋር በሚገባ ይታሰር፤ ያልታሰረ ጄኔሬተር ከባድ ጭነት ሲገባ ራሱ ሊገለበጥ ይሞክራልና።

ጭሱም አለ። የናፍጣ ሞተር ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለውን ሽታና ቀለም የሌለውን መርዝ ከቤንዚን ሞተር ያነሰ ያወጣል፤ ያነሰ ማለት ግን የለም ማለት አይደለም። በ1998ቱ የካናዳ መዓት ቤታቸውን ለማሞቅና ለማብራት ሲሉ በጭስ ታፍነው የሞቱ ሰዎች ነበሩ። ስለዚህ ትራክተሩ ዝናብ ቢዘንብም ከጎተራና ከበረት ውስጥ አይነሣ፤ ከመስኮትም ይራቅ።

፰. የሥራው ቅደም ተከተል

ከላይ የተባለውን ሁሉ አሳጥረን በሥራ ብናስቀምጠው እንዲህ ይሆናል። መጀመሪያ መቀያየሪያው በመካከለኛው ባዶ ቦታ ይቁም፥ የቤቱም መሣሪያዎች ሁሉ ይጥፉ። ሁለተኛ፥ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ዘንጉ ይገጠም፥ መከለያው ይታይ፥ የመሬቱ ሽቦ ይታሰር። ሦስተኛ፥ ሞተሩ ይነሣ፤ ዘንጉ በዝግታ ይጀምር፥ ፍጥነቱም ቀስ እያለ ይውጣ። አራተኛ፥ መለኪያዎቹ ትክክለኛውን ቮልትና 50 ወይም ጥቂት ከፍ ያለ ሄርትዝ እስኪያሳዩ ይጠበቅ። አምስተኛ፥ መቀያየሪያው ወደ ጄኔሬተር ይዙር፤ መሣሪያዎቹም ከትልቁ ጀምሮ አንድ በአንድ ይግቡ። በመጨረሻም ለማቆም ሲፈለግ ይህ ሁሉ ወደ ኋላ ይሠራል፤ ጭነቱ ሳይወጣ ሞተሩን ማጥፋት መሣሪያዎቹን ይጎዳል።

መደምደሚያ

ከዚህ ሁሉ የምንደርስበት ፍርድ ሦስት ነው። አንደኛ፥ የትራክተር ጄኔሬተር ለጥቂት ሰዓት ብዙ ኃይል ለሚፈልግ ሰው፥ ማለት ለወተት ግቢ፥ ለወፍጮ፥ ለውሃ ፓምፕ፥ ለክሊኒክና ለትምህርት ቤት የሚስማማ ነው፤ ለአምፑልና ለራዲዮ ብቻ ከሆነ ግን ናፍጣ ማባከን ነው። ሁለተኛ፥ አንድ ጄኔሬተር ለአንድ ቤት አይገባም። በአርሲና በባሌ ትራክተር በኪራይ ከማሳ ወደ ማሳ እንደሚዞር ሁሉ፥ አንድ የገበሬዎች ማኅበር አንድ ጄኔሬተር ገዝቶ በተራ ቢጠቀምበት፥ የኩቤክ ገበሬዎች በመከራ ጊዜ የተማሩትን እኛ ከጥንት በወንፈል የምናውቀውን ሥርዐት በኤሌክትሪክ ላይ ማዋል ነው።

ሦስተኛው ግን ከሁለቱ ይከብዳል። ጄኔሬተሩን መዋዋስ ይቻላል፤ መቀያየሪያውን ግን መዋዋስ አይቻልም። እያንዳንዱ ቤት መብራት ሳይጠፋ አስቀድሞ የራሱን መቀያየሪያ በግድግዳው ላይ ማስገጠም አለበት። ዋጋው ከጄኔሬተሩ ጋር ሲወዳደር ጥቂት ነው። ብዙ ሰው ግን ይህን የሚያስቀረው የሚጠበቀው የራሱ ሕይወት ስላልሆነ ነው፤ የሚጠበቀው ያን ማታ በዝናብ ውስጥ ለእርሱው መብራት ሊመልስለት ከምሰሶ የወጣው ሰው ሕይወት ነው። በትምህርት ቤታችን አጥር አጠገብ ያ ሠራተኛ የዳነው በእኛ ጥንቃቄ አይደለም፤ መንደርተኞቹ አምፑላቸውን ሳያጠፉ ስለ ቆዩ ነው። ለሚቀጥለው ሠራተኛ ከዚህ የተሻለ መጠበቂያ ማዘጋጀት ትራክተርና ጄኔሬተር ያለው ሰው ሁሉ ግዴታ ነው።